ስም አውጪው ኦቦ ተሬሳ

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። ስለማይረሳ ሰው ሲነሳ አንባቢ የሚጠብቀው ሕይወት ያዳነ ሐኪም ወይም ሰው ያደረገንን አስተማሪ ነው። የእኔው ሰው አስተማሪ ነበሩ፤ ግን እኔን አላስተማሩኝም። ያዳኑት ሕይወትም የለም፤ ቢኖር ኖሮ ራሳቸው ይነግሩን ነበር። ነቀምት፣ ቡርቃ ጃቶ፣ እኔ በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ከበሩ አጠገብ ያለችውን ክፍል ይዘው የሚኖሩ ጡረተኛ ነበሩ። በሰፈሩ የሚታወቁትም በሰው ላይ ስም በማውጣት ነው። አሁን ክፍላቸው ተቆልፏል። ግቢው ጸጥ ብሏል፤ ጸጥታው ግን ስንመኘው እንደነበረው አልጣመንም።

ነገሬን ከመጀመሬ በፊት እንዲህ መግቢያ ስላበዛሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስሜን ያገኘሁትም በዚሁ ጠባዬ ነው። ከአንገር ጉቲን ፍራሼን ተሸክሜ የመጣሁ ዕለት በሩ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና፣ «ይቅርታ፣ ካላስቸገርኩዎት፣ ምናልባት ሥራ ላይ ካልሆኑ፣ የማያውቁም ከሆነ ምንም አይደለም፣ ግን...» ስል ቆይቼ የውሃ ቧንቧው የት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ። በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። «ውሃው የሚመጣው በፈረቃ ነው። አንቺ መቅድምሽን ጨርሰሽ ወደ ምዕራፍ አንድ ስትደርሺ ይሄዳል።»

እስኪመሽ ድረስ ግቢው በሙሉ መቅድም ይለኝ ጀመር። እናቴ ያወጣችልኝን ስም እዚያ ግቢ ውስጥ የሚያውቀው አከራዩ ብቻ ነው፤ እሱም ውል ስንፈራረም ስላየው።

ኦቦ ተሬሳ ጊዳ አያና ውስጥ ብዙ ዘመን አስተምረዋል። ሁከቱ ሲመጣ ሌላው ሰው እንደሸሸ እሳቸውም ሸሽተው ነቀምት ገቡ። ይዘዋቸው የመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው ይባላል፤ ምላሳቸውና ስልካቸው። ስልካቸው ቁልፎቿ የተፋፋቁ፣ ትንሽ፣ አሮጌ ነገር ናት። በክር ከኮታቸው ቁልፍ ጋር አስረው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ያኖሯታል። ሲናገሩ ያወጧትና እንደ ጠመኔ በሁለት ጣት ይዘው አየር ላይ ይጽፉባታል።

ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት ስለ ስልክ ሌቦች ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል፤ ከፓስተሩ ስብከት ቀጥሎ የእሳቸውን ሳይሰማ ወደ ክፍሉ የሚገባ አልነበረም።

«ሰውየው ይደውላል» ይሉ ነበር ስልኳን እያነሱ። «‹ከቴክኒክ ክፍል ነው፤ መስመርዎ ተበላሽቷል› ይልሃል። እስቲ ንገሩኝ፣ መሥሪያ ቤት የሚባል ነገር ተበላሽቶብሃል ብሎ ደውሎ ያውቃል? አንተ ራስህ ተበላሸብኝ ብለህ ስትሄድ እንኳ ነገ ና ነው የሚልህ!»

ደግሞ፣ «የሚያስቸኩልህ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ አዋላጅ። ነፍሰ ጡር ካልሆንክ ስልኩን ዝጋ» ይሉ ነበር።

ትምህርቱ ጥሩ ነበር፤ አልዋሽም። ከትምህርቱ ጋር የሚመጣው ምሳሌ ነው ክፉው። ምሳሌዎቹ እኛው ነበርንና።

ባጃጅ የሚነዳው ደረጀ አንድ ጊዜ ሽልማት ደርሶሃል ተብሎ ማስፈጸሚያ የሚሉትን ገንዘብ ልኮ ነበር። ኦቦ ተሬሳ ይህን በሰሙ ዕለት ሚሊየነሩ አሉት። ከዚያ በኋላ ተሳፋሪው ሁሉ፣ «ሚሊየነር፣ መልስ አለህ?» እያለ ይሳፈርበት ጀመር። ገበያ ውስጥ ሰልባጅ የምትሸጠው አዴ ሌሊሴ፣ አዴ እንደ ወይዘሮ ማለት ነው፣ ደግሞ የቴክኒክ ሠራተኛ ነኝ ላላት ሰው በመልእክት የገባላትን የምስጢር ቁጥር አንብባለታለች። ቁጥሩ ባለ ስድስት አሃዝ ነበር፤ ስሟም አዴ ስድስት ሆነ። ገበያተኛው ሸሚዝ አንስቶ፣ «አዴ ስድስት፣ ይኸን በስንት ታነቢልኛለሽ?» ሲላት እሷ ሳቅ ትላለች። ማታ ግቢ ስትገባ ግን ፊቷን በኦቦ ተሬሳ ክፍል በኩል አታዞርም።

ለእሳቸው የደወለ ሌባ ግን ወዮለት! አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጽሐፌን ይዤ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሰማኋቸው።

«ከየት ነው ያልከኝ? ከቴክኒክ ክፍል? ድምፅህ ይርገበገባል፤ እንደገና ጀምር» አሉ። «እሺ። አሁን ምን ላንብልህ? ቀድመህ ስሜን መጠየቅ ነበረብህ፤ ረሳኸው። ከአሥር ሦስት። ነገ ከወላጅህ ጋር ና።»

ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ። «መቅድም፣ የዘንድሮ ሌባ የቤት ሥራውን አይሠራም።»

እኔም እንደ ሌላው ሳቅሁ። አስቂኝ ነበሩ።

ስለ አንድ ነገር ብቻ አይቀልዱም ነበር፤ እሱም ስለዚያች ስልክ ቁጥር ነው። ፊጡማ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራቸው። በሽሽቱ ጊዜ ጊዳ አያና ቀርቶ ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። ከዚያ በኩል የመጣውን ሰው ሁሉ ይጠይቃሉ፤ አንዱ አየሁት ይላቸዋል፣ ሌላው ያ ቀበሌ ሰው የለበትም ይላቸዋል። ፊጡማ ማንበብ አይችልም፤ በቃሉ የያዘው ቁጥር ግን አንድ አለ፤ የወንድሙን። የአከራያችን ልጅ ዘመናዊ ስልክ ከአዲስ ቁጥር ጋር ሊሰጣቸው ሲል፣ «ፊጡማ የት ብሎ ይደውልልኛል?» ብለው መለሱለት። በወንድማማቾቹ መካከል መጨረሻ ላይ ምን እንደተባለ ግን ለማንም ተናግረው አያውቁም።

በበዓል ቀን ደግሞ አንድ እንግዳ ነገር ይሆን ነበር። የገና ዕለት እዚያው ነበርኩና አይቻለሁ። ስልኳ ጮኸች፤ ቁጥሩን አያውቁትም። «ሃሎ» አሉ። መልስ የለም። የሚተነፍስ ሰው ብቻ ይሰማል።

«ሌባ!» ብለው ጮኹ። «መናገር እንኳ ያልተማርክ ሌባ! ሂድና መጀመሪያ ሰላምታ ተምረህ ና!»

ሰውየው ዘጋ። «በየበዓሉ ነው የሚደውለው» አሉኝ ኮታቸውን እያስተካከሉ። «ሁሌም በሌላ ቁጥር፤ ዝም ብሎ ያዳምጥና ይዘጋል። የቤቱን ሁኔታ እያጠና ነው። እኔን ግን አያገኘኝም።»

በሰሞነ ሕማማት መጀመሪያ ላይ ግን ተገኙ። ታሪኩን የሰማሁት በኋላ ነው፤ የሆነው ግን እንዲህ ነው። አንድ ረጋ ያለ ድምፅ ያለው ሰው ደወለና፣ «መምህር፣ እንደምን ዋሉ?» አላቸው። መምህር ብሎ የጠራቸው ሰው ካገኙ ቆይተዋል። የምስጢር ቁጥር አልጠየቃቸውም። ገንዘብም አላነሳም። «ቁጥርዎ በድሮ ምዝገባ ያለ ስለሆነ ዛሬ ማታ ይዘጋል፤ ለሌላ ሰው ይሰጣል። እንዳይዘጋ ከፈለጉ የምነግርዎትን ይንኩ» ብቻ አለ።

ለሌላ ሰው ይሰጣል!

የሚያስቸኩል ወይ ሌባ ነው ወይ አዋላጅ ሲሉ የኖሩት ሰው፣ በኮከብ የሚጀምረውን፣ በመሰላል የሚያልቀውን ረጅም ቁጥር አንድ በአንድ ነኩት። «በጣም ጥሩ፣ መምህር» አላቸው ሰውየው። «አሁን ሲስተሙ ራሱን እያጸዳ ስለሆነ ለጥቂት ቀን ጥሪ ላይገባ ይችላል። አይስጉ።»

ያ ረጅም ቁጥር ለእሳቸው የሚደወለውን ጥሪ ሁሉ ወደ ሌባው ስልክ የሚያዞር ነበር።

እኔ ለፋሲካ አንገር ጉቲን ወላጆቼ ዘንድ ሄጄ ነበር። በበዓሉ ቀን እንኳን አደረስዎት ልላቸው ደወልኩ። የማላውቀው ሰው አነሳ።

«አከም ጅርታ፣ ፈያ ደ?» አለኝ በለስላሳ ኦሮምኛ፤ ደህንነቴን መጠየቁ ነው። ከዚያ ወደ አማርኛ ዞረ። «መምህር በድንገት ታመው ሆስፒታል ነን። እኔ አስታማሚያቸው ነኝ። መድኃኒት ከውጭ ግዙ ተብለናል። አሁኑኑ የቻልሽውን ብትልኪ...»

«ይቅርታ፣ ካላስቸገርኩህ፣ በዚህ ሰዓት ይህን መጠየቄ ተገቢ ባይሆንም፣ ምናልባት እሳቸውም መናገር ካልቻሉ ይገባኛል፣ ግን...» እያልኩ ስንተባተብ ሰውየው ትዕግሥቱ አለቀ።

«እህቴ፣ ፍጠኚ! ስምሽን እየጠሩ ነው የሚያለቅሱት።»

«የትኛውን ስሜን?» አልኩት።

«እንዴት የትኛውን?»

«ማን ብለው እንደሚጠሩኝ ጠይቅልኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። አባቴ አጠገቤ ነበር። «ምን አሉሽ?» ሲለኝ፣ «ሌባ ነው። ኦቦ ተሬሳ ቢታመሙ መጀመሪያ መቅድም ብለው ይሰድቡኝ ነበር» አልኩት። መቅድሜ አንድ ቀን ጠቀመኝ ማለት ነው።

በዓሉ እንዳለፈ ወደ ነቀምት ተመለስኩ። ኦቦ ተሬሳ ውሃ ቧንቧው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ምንም አልታመሙም። ስልኳን መዳፋቸው ላይ አስተኝተው ያዩዋታል። ስገባ እንኳ ቀና አላሉም።

«እንዴት ዋሉ? ይቅርታ...»

«አልጮኸችም» አሉኝ። «በፋሲካ ቀን እንኳ አልጮኸችም። ራሷን እያጸዳች ነው ብሎኝ ነበር።»

የሰማሁትን ነገርኳቸው። መጀመሪያ ጆሯቸው ቀላ። ቀጥሎ ፊታቸው ነጣ። ለብዙ ሰው ስም ያወጡበት አፍ ተከፍቶ ቀረ። በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ፊጡማ ደውሎ ቢሆንስ?» አሉ። «ያ ሰው ቢያነሳለትስ?» ደግሞም፣ «መቅድም፣ ይህን ነገር ለግቢው እንዳትነግሪ» አሉኝ።

«አልናገርም» ልላቸው ስል፣ ከተሰጣው አንሶላ ጀርባ አዴ ሌሊሴ እጇን እያደራረቀች ወጣች። አዴ ሌሊሴ አማርኛዋን የተማረችው ገበያ ውስጥ ነው፤ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም አንተ ነው የምትለው፤ በነቀምት በዚህ የሚቀየም የለም።

«ስልኩን አምጣ» አለቻቸው።

«አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ?»

«አምና ይኸው ሰውዬ ነው፤ መጀመሪያ ኮከብ አስነካኝ። ‹እንደምን ዋልሽ እናቴ› የሚለው፣ ድምፁ እንደ ቅቤ የሆነ፣ አይደል? ስልኬ ዝም ሲልብኝ መልሶ በጎረቤት ስልክ ደወለና ስድስቱን ቁጥር አስነበበኝ። አንተ የሰማኸው መጨረሻውን ነው። መጀመሪያውን ለሰው አልተናገርኩም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ሁለተኛ ስም ልታወጣልኝ? አንዱ አልበቃኝም?»

ባጃጁን እያጠበ የነበረው ደረጀ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለ። «እኔም ጋ ደውሎ ነበር» አለ ወደ እኛ ሳያይ። «ሚሊየነር ከተባልኩ በኋላ። ሌላ ነገር በላኝ። ምን እንደበላኝ አልናገርም።»

አዴ ሌሊሴ ስልኳን ከእጃቸው ወሰደች፤ በክር ታስራ ስለነበር ኦቦ ተሬሳም አብረው ጎንበስ አሉ። «አየህ ኦቦ ተሬሳ» አለች ቁልፎቹን እየነካች፣ «ሌባው ግቢያችንን በየበሩ አዳረሰው። ዘበኛው አንተ ነበርክ። እሱ ይዘርፈናል፣ አንተ አፋችንን ትዘጋለህ። አበል ይከፍልህ ነበር እንዴ?»

መልስ አጥተው ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

አዴ ሌሊሴ አምና ስልክ መሥሪያ ቤት ተሰልፋ የተማረችውን አጭር ቁጥር ነካችው። ስልኳ ሁለቴ ተንቀጠቀጠችና ዝውውሩ መሰረዙ ተጻፈባት። «ደውይ» አለችኝ። ደወልኩ። መዳፏ ላይ ጮኸች። «በል፣ ነገ ስልክ መሥሪያ ቤቱ ሄደህ መስኮቱ ጋ ተሰለፍ፤ ጮክ ብለህ የሆነውን ንገራቸው፣ ቁጥርህንም በስምህ አረጋግጥ። ሰው ይስማህ። መጮህ ታውቅበታለህ።»

በማግስቱ ሄደው ተሰለፉ። ጮክ ብለው ስለመናገራቸው ግን ማስረጃ የለኝም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ኦቦ ተሬሳ ሌላ ሰው ሆኑ። ስልኳ በጮኸች ቁጥር በሁለት እጃቸው አንስተው፣ «አቤት፣ እንደምን አላችሁ፣ ነጋ ደ?» ብለው ሰላም መሆኑን ይጠይቃሉ፤ ልክ እንደ አዲስ ሙሽራ። የተሳሳተ ቁጥር የደወለ ሰው እንኳ ጤንነቱን፣ ቤተሰቡን፣ ዝናቡን ሳይጠየቅ አይለቀቅም ነበር። አንድ ሽልማት ደርሶዎታል የሚል ሌባ ደውሎም፣ «እግዚአብሔር ይስጥልህ የኔ ልጅ፤ አሁን ወንድሜ ሊደውል ስለሚችል መስመሩን ልቀቅልኝ» ብለውታል። ደረጀ ይህን ሰምቶ፣ «ድሮ ከአሥር ሦስት የሚሰጡት አይደሉም እንዴ?» ብሎኛል። ምክንያቱ ለሁላችንም ግልጽ ነበር። በዚያች ሳምንት ስንት ሰው እንደደወለ፣ ማን እንደደወለ፣ ከሌባው በቀር የሚያውቅ የለም። ሌባ ደግሞ መዝግቦ አይመልስም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን በር ላይ ቆመናል፤ ከልማዳችን የተነሳ እንጂ ስብከት የለም። የደረጀ ባጃጅ እየተንገጫገጨ መጣና ቆመ። ከኋላ አንድ ጸጉሩ የሸበተ፣ ጫማው ጭቃ የጠጣ ሰው ወረደ። በትር ይዟል፤ ወገቡን በነጠላ ጥብቅ አድርጎ አስሯል።

«ሆስፒታሉ በር ላይ ነው ያገኘሁት» አለ ደረጀ። «መምህር ተሬሳ የሚባል በሽተኛ እያለ ክፍል ለክፍል ይዞር ነበር። ትናንትም እዚያው ነው የዋለው። በመጨረሻ ሬሳ ቤቱ የት ነው ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁትና ጫንኩት።»

ኦቦ ተሬሳ ከበርጩማቸው ተነሡ። ስልኳ ከእጃቸው አመለጠችና በክሯ ተንጠለጠለች።

ሰውየው በትሩን ተደግፎ አያቸው። «አልሞትክም?» አለ።

«ፊጡማ...»

«አልታመምክምም?»

«አልታመምኩም። ማን ነው እንደታመምኩ የነገረህ?»

«ያንተው ስልክ ነዋ!» ፊጡማ በትሩን መሬት ላይ መታው። «በፋሲካ ደወልኩ። አንድ ሰው አነሳና ‹አከም ጅርታ ወንድሜ፣ ነጋ ደ? ቤተሰብ ደህና ነው?› አለኝ። ክው አልኩ። በየበዓሉ ስልክ ለምኜ ስደውልልህ ምን ትለኛለህ? ሌባ ትለኛለህ። ትጮህብኛለህ። እኔም ሳንባው ደህና ነው እላለሁ፣ እዘጋለሁ። አሁን ግን ሰላም ተባልኩ! በዚህ ቁጥር ሰላምታ ከተሰጠ ተሬሳ አልቆለታል አልኩ።»

ግቢው ውስጥ የሳቀ አልነበረም። ሊስቅ ያሰበው ደረጀም አፉን በእጁ ያዘ።

«ለምን አትናገርም ነበር?» አሉ ኦቦ ተሬሳ። ድምፃቸው አይሰማም ነበር ማለት ይቻላል። «እኔ ነኝ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«ማን ነኝ ልበልህ? ፊጡማ ነኝ? አንተ መች ፊጡማ አልከኝ? መኪናው ላይ ወጥተህ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በሬዎቼን ትቼ አልሄድም ስልህ ምን አልከኝ? ‹ቆጢዮ፣ በል ከዘመዶችህ ጋር ቅር!› አላልከኝም?»

ቆጢዮ በሬ ማለት ነው። ሰውን በሬ ሲሉት ደግሞ ከበሬም ያነሰ ይሆናል።

«መኪናው ሙሉ ሰው ሳቀ» አለ ፊጡማ። «ቤታቸው ሊቃጠል የነበረ ሰዎች ሳቁ። አስቂኝ ነህኮ። ያን ሳቅ እየሰማሁ ነው በሬዎቼን ነድቼ ጫካ የገባሁት።» ከወገቡ ነጠላውን ፈታ፤ በላስቲክ የተጠቀለለ ገንዘብ አወጣ። «አስታማሚህ በስልክ ላክ አለኝ። በሬ በስልክ አይገባም አልኩት። እኔው ይዤልህ እመጣለሁ አልኩና አንዱን ሸጥኩት። እንካ፣ መድኃኒትህን ግዛ።»

ኦቦ ተሬሳ ገንዘቡን አልነኩም። እጃቸው ተዘርግቶ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። አዴ ሌሊሴ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰች። ሌላ ጊዜ ቢሆን የምታዝንላቸው ይመስለኛል፤ ዓመት ሙሉ አዴ ስድስት የተባለች ሴት ግን ማዘኗን ትንሽ ታቆየዋለች።

«እንግዲህ ኦቦ ተሬሳ» አለች፣ «ሰውዬው ከሩቅ መጥቷል። ሌባውን ከአስታማሚ አልለየም፤ በሬውን ሸጦ ሬሳ ፍለጋ መጣ። እንዲህ ያለውን ሰው አንተ አታልፈውም። በል፣ ስም አውጣለት።»

ሁላችንም ጠበቅን። ሲናገሩ እንደሚያደርጉት ስልኳን ሊያነሱ ደረታቸውን ዳበሱ፤ ስልኳ ግን ጉልበታቸው ላይ ትወዛወዛለች። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ልማድ ክፉ ነው፤ የሆነ ስም ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ እንደነበር አሁንም አምናለሁ። ዋጡት።

«ፊጡማ» አሉ።

ወንድማቸው ገንዘቡን እንደያዘ ቆመ።

«ፊጡማ» አሉ ደግመው፣ ጮክ ብለው፣ መንገድ የሚያልፈው ሰው እስኪዞር ድረስ። ያን ጊዜ ፊጡማ በትሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

ኦቦ ተሬሳ ብዙም ሳይቆዩ ክፍላቸውን ቆልፈው ከወንድማቸው ጋር ሄዱ። አሁን በበዓል ስደውልላቸው ሰላምታቸው አያልቅም፤ የምደውልበትን ጉዳይ ሳልናገር ሒሳቤ ያልቃል። ያወጧቸው ስሞች አብረዋቸው አልሄዱም። ደረጀ ዛሬም ሚሊየነሩ ነው፤ እኔም ይህን ያነበበ ሁሉ እንደሚገባው መቅድም ነኝ። ግን በግቢያችን የቴክኒክ ነኝ ባይ ሲደውልበት ወጥቶ ቧንቧው ጋ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው በዝቷል፤ የሚሰየም የለምና። በቡርቃ ጃቶ በሰው ላይ ስም የማውጣቱ ዘመን ያለቀው እሑድ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።